ከአሜሪካ የመጣው ፕሪንተር ሳይሰካ ጀርባው ይነበብ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። የስብሰባ ጥሪውንም፣ የአባላቱን ዝርዝርም በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት እየወረድኩ ነበር የማሳትመው። ልጄ በቀደም ከአሜሪካ ሲመጣ ሌዘር ፕሪንተር ይዞልኝ መጣ። እሱ በቶሎ ተመለሰ፤ ዕቃው እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው። የጎረቤት ልጅ “እትዬ፣ የጁስ መፍጫው ትራንስፎርመር አለ አይደል፣ እሱ ላይ እንሰካው” ይለኛል። እኔ ፈራሁ። ከዕቃው ጋር ሲዲ አለ፤ ላፕቶፔ ግን ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሌላም ጭንቀት አለኝ። የቀድሞው ጸሐፊ ያስረከቡኝ የመተዳደሪያ ደንብ ፋይል ሲከፈት አማርኛው የለም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ነው የሚታየው። ፕሪንተሩም እንደዚያው አድርጎ ሊያትምልኝ ነው? አንተም ልጄ ነህና ረጋ ብለህ አስረዳኝ።
የዕድር ጸሐፊዋ፣ ከልደታ

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ፈሩ። ጎረቤትዎ ለመርዳት ብሎ ነው፤ ግን ለጊዜው ምንም ነገር እንዳትሰኩ።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን ከካርቶኑ አውጥተው ጀርባውን ይዩ። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ፣ ወይም የኋላውን ክዳን ሲከፍቱ፣ ትንሽ ጽሑፍ ያለባት ወረቀት ተለጥፋለች። ጽሑፏ በጣም ደቃቅ ስለሆነች በስልክዎ ፎቶ ያንሷትና አሳድገው ያንብቧት። የሚፈልጉት ቮልቱን ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120። ወረቀቷ ላይ “100–240” የሚል ካለ ዕቃው ሁለቱንም ይችላል። ያኔ ትራንስፎርመርም አያስፈልግዎትም። ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን የአሜሪካ ገመድ ትተው፣ በእኛ ሶኬት የሚገባ ገመድ ገዝተው መሰካት ብቻ ነው። ብዙዎቹ በፈሳሽ ቀለም የሚሠሩ ፕሪንተሮች እንደዚህ ናቸው።

የእርስዎ ግን ሌዘር ነው፤ እኔንም ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዱቄት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ማሞቂያ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ፋብሪካው አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ቮልት ብቻ ይሠራዋል፤ ለአሜሪካ ገበያ የወጣው “110–127” ይላል። ይህን ቀጥታ 220 ላይ ከሰኩት ይቃጠላል። በትራንስፎርመርስ? የጁስ መፍጫው ትራንስፎርመር ለመፍጫው ልክ የተገዛ ነው። ትንሽ የምትባለው ሌዘር እንኳ ማሞቂያዋ ሲነሳ ለአፍታ ከ500 ዋት በላይ ልትስብ ትችላለች። በዚያ ላይ የፕሪንተር አምራቹ ኤችፒ በመመሪያዎቹ ላይ ቮልቱን በሌላ ዕቃ ቀይሮ መጠቀም ፕሪንተሩን እንደሚጎዳና ዋስትናውንም እንደሚያሳጣ ጽፏል። ስለዚህ “110–127” የሚል ካገኙ ካርቶኑን መልሰው ያሽጉትና ለልጅዎ ይደውሉለት። ያልተነካ ዕቃ ወደዚያ በሚመለስ ሰው ሄዶ ሊቀየር ይችላል፤ አንዴ ከተቃጠለ ግን ማንም አይቀበልዎትም። ይህን ሲነግሩት ቅር እንዳይለው። ከውጭ ዕቃ የሚያመጣልን ዘመድ ሁሉ ስለ ቮልት የሚያስታውሰው ሰው ቢያገኝ ኖሮ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የእኔ ሥራ ቤት መደርደሪያ ላይ ይህን ሁሉ የተቃጠለ ደህና ዕቃ አላይም ነበር። ልቤን የሚያመኝ ነገር ነው።

ወረቀቷ 220 የምትል ከሆነ ወይም ሁለቱንም የምትችል ከሆነ እንቀጥል። ፕሪንተሩን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ቴሌቪዥንና ምድጃ የተደረደሩበት ዲቫይደር ላይ አይሁን። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ ባትሪ) ካለዎትም ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ አይሰካም፤ ማሞቂያው ባትሪውን ያስጨንቀዋል። መብራት ሲሄድ ገመዱን ይንቀሉት፤ ሲመጣም ወዲያው አይመልሱት፤ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። ዕቃ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው።

ከማብራትዎ በፊት የፊቱን ክዳን ከፍተው ቶነሩን፣ ማለትም ዱቄት ቀለሙ ያለበትን ዕቃ፣ ያውጡት። ዕቃው መንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ የተለጠፈ ቴፕና የተጎሰጎሰ ፎም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ነው። ሁሉንም ያንሱ። አንዳንዱ ቶነር በጎኑ በኩል ቀስ ብሎ የሚሳብ ረጅም ማሸጊያ አለው። እሱ ካልወጣ ወረቀቱ ባዶውን ይወጣል፤ ስንቱ ሰው “አዲሱ ፕሪንተር አይሠራም” ብሎ ተሸክሞ የሚመጣው በዚህ ነው። ጥቁሩ ዱቄት ልብስ ላይ ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ ያራግፉት፤ የቀረውን በቀዝቃዛ ውኃ። ሙቅ ውኃ እንዳይነካው፤ ያኔ አይለቅም።

ስለ ሲዲው አይጨነቁ፤ አያስፈልግዎትም። ላፕቶፕዎ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ኢንተርኔት ያገናኙትና ፕሪንተሩን በዩኤስቢ ገመድ ይሰኩት። ገመዱ አንድ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነው ነው። አብሮ ካልመጣ አይደናገጡ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ካርቶን ውስጥ አያስገቡትም፤ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለ። ከተሰካ በኋላ ትንሽ ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን፣ ማለትም ላፕቶፑን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ፈልጎ ይጭናል። ዝም ካለ “ሴቲንግስ” ውስጥ ይግቡ፤ “ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ” የሚለውን ይክፈቱና “አድ ዲቫይስ” (በዊንዶውስ 10 “አድ ኤ ፕሪንተር ኦር ስካነር”) የሚለውን ይጫኑ። እዚያም ካልታየ ድራይቨሩን ከፋብሪካው ድረ ገጽ ያውርዱ። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚደረደሩት “ነጻ ድራይቨር” የሚሉ ገጾች ብዙዎቹ የማይፈለግ ነገር ነው የሚጭኑባችሁ። የፋብሪካው ስም ያለበትን ብቻ ይክፈቱ።

ዕቃው ኤችፒ ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የሞዴሉ ስም መጨረሻ ላይ ትንሽ የእንግሊዝኛ “ኢ” ካለ፣ ኤችፒ ፕላስ ለሚባለው አገልግሎት የተዘጋጀ ነው። ይህን አገልግሎት ከተቀበሉት ፕሪንተሩ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ከራሱ ከኤችፒ ቶነር ሌላም አይቀበልም። እንደኛ ቶነር እያስሞላ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ሲጭኑ ይህን ጥያቄ ካመጣልዎ ዝም ብለው “እሺ” አይበሉት፤ ለልጅዎ ደውለው አብራችሁ አንብቡት።

ከተጫነ በኋላ “ፕሪንት ቴስት ፔጅ” የሚለውን ይጫኑና አንድ ገጽ ያስወጡ። ፕሪንተሩ ወረቀት እያለው መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ወረቀት ከጠየቀዎት፣ ችግሩ የወረቀት መጠን ነው። አሜሪካኖች የሚጠቀሙት “ሌተር” የሚባለውን ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። እኛ የምንጠቀመው ኤ4፣ 210 በ297 ነው። ከዚያ የመጣ ዕቃ “ሌተር” ላይ ተስተካክሎ ይመጣል፤ ኤ4 ሲያገኝ ይቆማል። በሁለት ቦታ ይቀይሩት፦ በፕሪንተሩ “ፕሪፈረንስስ” ውስጥ፣ እና በወርድ “ሌይአውት” (በድሮው ወርድ “ፔጅ ሌይአውት”) ውስጥ። የወረቀት ማስቀመጫው ላይ ያሉትን ሁለት ክንፎችም ወረቀቱን እስኪነኩት ድረስ ያቅርቧቸው። ወረቀት የሚነክሰው እነሱ ሲላሉ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ ፋይል። ፕሪንተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው የሚያትመው፤ ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ እሱም ላይ ይዘበራረቃል። ግን ፋይሉ አልተበላሸም። ድሮ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። የፕሮግራሙ ፎንት (የፊደሉ ቅርጽ) ያለበት ኮምፒውተር “ሀ” ብሎ ያሳየዎታል፤ የሌለበት ደግሞ ከሥሩ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ያወጣዋል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቦታ የሚሰጠው ሥርዓት፣ የግዕዝ ፊደልን የተቀበለው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን የራሱ ቦታ ስላለው፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም አዲስ ላፕቶፕ ይነበባል። ዊንዶውስ ኤብሪማ የሚባል ፎንት አብሮት ይመጣል፤ ኒያላ የሚባለውም ከራሱ ከዊንዶውስ ይጫናል።

ስለዚህ ለቀድሞው ጸሐፊ ይደውሉላቸው። የጻፉበት ኮምፒውተር ካለ እዚያው ፋይሉን ከፍተው ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩልዎት። ፒዲኤፉ ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ እርስዎ ቤት እንዳለ ይታተማል። ኮምፒውተሩ ከሌለም ፎንቱ የተጫነበት የድሮ ጽሕፈት ቤት ፈልጉ፤ አራት ኪሎ አካባቢ አይጠፋም። ግን እትዬ፣ ደንቡን ቀስ እያሉ በዩኒኮድ እንደገና ያስጽፉት። ዕድር ከጸሐፊው በላይ ነው የሚኖረው። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው እንዲህ እንዳይቸገር።

ስለ አባላቱ ዝርዝርም ልንገርዎት። በፍላሽ ወስደው ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተሙት ስምና ስልክ ቁጥር የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ቀርቶ ይሆናል። ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ፎልደሩ ድንገት ወደ ሾርትከት ተቀይሮ የሚያገኙት በዚያ ነው። ፕሪንተሩ ቤትዎ በመግባቱ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ፍላሹን አንዴ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የቫይረስ መከላከያ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ያስፈትሹት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ከጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው። ፕሪንተራችን በዋይፋይ ነው የሚሠራው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ላፕቶፔ “ኦፍላይን” ይለኛል። ትናንት ደግሞ አንድ ፋይል የማተሚያው ወረፋ ላይ ተጣብቆ አልሰረዝ አለኝ። ምን ላድርግ?
ተማሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራት ሲመጣ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) እንደ አዲስ ይነሳል፤ ለፕሪንተሩም አዲስ የኔትወርክ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ላፕቶፕህ ግን በድሮው አድራሻ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ራውተሩን ብቻ አብራና ኢንተርኔቱ እስኪገባ ጠብቅ። ከዚያ ፕሪንተሩን፣ መጨረሻ ላፕቶፑን አስነሳ። ካልሆነ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ አጥፍተህ እንደገና ጨምረው። ለዘለቄታው ግን ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ያዝለት፤ የራውተሩን የይለፍ ቃል የያዘውን ጓደኛህን ጠይቅ። ሌላው፣ ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተራችሁ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነ ፕሪንተሩን “5” ያለበት ላይ ለማገናኘት አትድከም።

ለተጣበቀው ፋይል፦ “ሰርቪስስ” ብለህ ፈልግ፤ ውስጡ “ፕሪንት ስፑለር” የሚለውን “ስቶፕ” አድርግ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ወደሚለው ፎልደር ገብተህ ውስጡ ያለውን ብቻ አጥፋ፤ ፎልደሩን ራሱን አትንካው። ተመልሰህ “ስታርት” በለው። እባክህ ማስረከቢያው ቀን አትጠብቅ። ጽሑፍህን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረህ ፍላሽ ላይም፣ ኢሜይልህ ላይም ዛሬውኑ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለትምህርት ቤት ሥራቸው በወር ጥቂት ገጽ ብቻ ነው የምናትመው። ፈሳሽ ቀለም ይሻለናል ወይስ ሌዘር?
እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቁርና ነጭ የሚበቃሽ ከሆነ ሌዘር ውሰጂ። ዱቄት ቀለም ሳይነካ ቢከርም አይደርቅም። ፈሳሹ ግን ለሳምንታት ከተቀመጠ የሚወጣባቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ልጆቹ ሥዕልና ካርታ በቀለም የሚጠየቁ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላውን ዓይነት ግዢ፤ በሳምንት አንድ ባለቀለም ገጽ ማተምሽን ግን አትርሺ። ከመክፈልሽ በፊት ባለሱቁ ቶነሩ ወይም ቀለሙ አሁን በእጁ እንዳለ ያሳይሽ። ሱቁ ውስጥም ሰክቶ አንድ ገጽ ያትምልሽ።