የአባት ዘር ምርመራ «የአሮን ልጆች ናችሁ» ይላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታላቅ ወንድሜ ምራቁን ልኮ የአባት ዘር ሐረጉን አስመረመረ። «ጄ1» የሚባል ምድብ ነህ ተባለ። ከዚያ ወዲህ «የአሮን ዘር ነን፣ ክህነት በደማችን አለ» እያለ አስቸግሮናል። ማብራሪያው ደግሞ «የዋይ ክሮሞዞም አዳም» የሚባል ሰው ከ200 ሺህ ዓመት በፊት አፍሪካ ውስጥ ኖረ ይላል። እሱ የእኛ አዳም ነው? ምርመራውስ ኃጢአት ነው? አሁን አጎታችንንም ካላስመረመርኩ ብሏል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምርመራው ኃጢአት አይደለም። ጥንቆላ አይደለም፣ ዕጣ ፈንታም አይናገርም። የሚያስቸግረው ከውጤቱ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው።

ዋይ ክሮሞዞም ወንዶች ብቻ የሚይዙት የዘር ውርስ ተሸካሚ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። አብዛኛው ክፍሉ ከሌላ ስለማይቀላቀል አባትየው እንደያዘው ለልጁ ይደርሳል። አልፎ አልፎ ግን በውስጡ ካለው የዘር ጽሑፍ አንድ ፊደል ይለወጣል። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንድ ቦታ ቢስት፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንን ስሕተት ይወርሱታል። መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያየ ሰው የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ይደርስበታል። ተመራማሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በዚህ መንገድ የጥንቱን ሰው ጉዞ ተከታትለዋል። ቀድመው የተለዩት ቅርንጫፎች፣ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉት፣ በብዛት ያሉት አፍሪካ ውስጥ ነው። የሌላው ዓለም ሰዎች አባቶች ከአፍሪካ የወጡት ከ50 እስከ 70 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ይላሉ። «ሲ» የሚባለው አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል። «ዲ» ደግሞ ይገርማል፤ ቲቤት ላይ በብዛት ይገኝና መሐል ያለውን ሰፊ አገር ዘሎ ጃፓን ላይ ብቅ ይላል። «ኪው» ከሳይቤሪያ ተነሥቶ አሜሪካ ገባ። ዛሬ ሳይቤሪያንና አላስካን የሚለየው የቤሪንግ የባሕር ሰርጥ ያለበት ቦታ ያኔ የብስ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደፈጠረ ሰብኳል (ሐዋ. 17፥26)። ካርታው ለስብከቱ ማስረጃ ሆነ አልልሽም። ዘረኛ ሰው ግን ይህን ካርታ ይዞ ብዙ አይራመድም።

«አዳም» የሚለው ግን የተዋሱት ስም ነው። የመጀመሪያውን ሰው ማለታቸው አይደለም። እንደ እነሱ አባባል በዚያ ሰው ዘመን ሌሎች ወንዶችም ነበሩ። አንዳንዱ ሳይወልድ ቀረ፣ አንዳንዱ ሴቶች ብቻ ወለደ፣ የወንድ ሐረጉ ተቋረጠ። የዚያ ሰው ብቻ እስከ ዛሬ ዘለቀ። በእናት ሐረግ በኩል «ሔዋን» የሚሏትም አለች። ባልና ሚስት ነበሩ ግን አይሉም።

ይህ «አዳም» የሚለው ስምም ባለቤቱን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተሰብ ናሙና ያልታወቀ የቆየ ቅርንጫፍ ተገኘ፤ ካሜሩን ውስጥም የያዙት ሰዎች አሉ። ወዲያው «አዳም» ወደ ኋላ ሄደና 338 ሺህ ዓመት ተባለ። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ነቅፈው ወደ 208 ሺህ አወረዱት። የእኛ አዳም እንዲህ አይሾምም፣ አይሻርም። ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን ስትል፣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ ከተባለው ኪዳን ጋር፣ አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቆጥራ፣ አያይዛ ነው። የእነሱ ቁጥር የቆመው ደግሞ ፊደል በምን ፍጥነት ይለወጣል በሚል ግምት ላይ ነው። ሁለቱን በግድ አላጋባልሽም።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ወሬው ከሜዳ አልመጣም። የአይሁድ ካህናት ነን የሚሉት ክህነቱን ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች ዋይ ክሮሞዞማቸውን ሲያዩ ከሌሎቹ አይሁድ የተለየ መመሳሰል አገኙ። በ2009 ነገሩ በሰፊው ሲጠና ግን ከካህናቱ ዋናውን ሐረግ የያዙት 46 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ያ ሐረግ ደግሞ የጄ1 አንድ ቅርንጫፍ ነው። ጄ1 ራሱ በአረቢያ፣ በካውካሰስ፣ በአፍሪካ ቀንድም ይገኛል፤ ከአሮንም በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። «ጄ1 ነኝ፣ ስለዚህ የአሮን ልጅ ነኝ» አያስኬድም።

ቢያስኬድስ? ከባቢሎን ምርኮ በተመለሱ ጊዜ የትውልድ መዝገባቸው የጠፋባቸው ከክህነት ተከልክለው ነበር (ዕዝ. 2፥62)። ያ የብሉይ ሥርዓት ነው። በዕብራውያን 7 መልከ ጼዴቅ የትውልድ ቁጥር የሌለው ካህን ተብሏል። ጌታችንም የወጣው ከይሁዳ ነገድ ነው፤ ሙሴም ስለዚያ ነገድ ክህነት አንዳች አልተናገረም። በቤተ ክርስቲያን ክህነት በአንብሮተ እድ፣ እጅ በመጫን፣ ይሰጣል። ወንድምሽ ማገልገል ከፈለገ መንገዱ መማር ነው፣ ምራቅ መላክ አይደለም።

ደግሞ እስቲ አስቢው። አንቺ ዋይ ክሮሞዞም የለሽም። የአባትሽ ልጅ ግን ነሽ። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሪ በዚያ ደረጃ 1024 የወላጅ ቦታ አለ፤ ይህ ምርመራ የሚያየው አንዱን ነው። ጌታችንም ያለ አባት ዘር ከእመቤታችን ሥጋ ነሥቶ የዳዊት ልጅ ተባለ። የአባት ሐረግ የሚቆጥር ይህን ዝምድና ጨርሶ አያገኘውም። ማቴዎስ ግን ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሞዓባዊቷን ሩትን በስም ጠርቶ ትውልዱ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ወንድምሽ ማቴዎስ 1ን ቁጭ ብሎ ያንብበው።

አጎታችሁን ግን አታስገድዱት። ውጤቱ ከወንድምሽ ጋር ባይገጥምስ? ያኔ ጥያቄው የአሮን ጉዳይ መሆኑ ይቀርና አያታችሁ ቤት ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር የበተነው ቤተሰብ አለ። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩትና ራሱ ይወስን። አልፈልግም ካለ ተዉት።