ሙዝ የሚሸት ቦዦሌ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ሰላም። «ቦዦሌ ኑቮ ገዝቼ ከፈትኩት፤ ሙዝና ከረሜላ ይሸታል፣ ስስም ነው። ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ አልተበላሸም። (ቦዦሌ የፈረንሳይ ወይን አምራች አካባቢና የወይኑ ስም ነው፤ ኑቮ ደግሞ የዓመቱ አዲስ ወይን ማለት ነው።) የተበላሸ ወይን የሚሸተው እርጥብ ካርቶን፣ ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው።

ሽታው የመጣው ከአሠራሩ ነው። ቀይ ቦዦሌ የሚሠራው ጋሜ ከሚባለው የወይን ዝርያ ነው። ፍሬው ሳይጨመቅ ከነዘለላው ታንክ ውስጥ ይገባል፤ በእጅ የሚለቀመውም ዘለላው እንዳይጎዳ ነው። ከታች ያለው ፍሬ የላዩ ክብደት ሲጫነው ይፈነዳና መፍላት ይጀምራል። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ያስወጣዋል። ያልፈነዳው ፍሬ ኦክስጅን ሲያጣ ያለ እርሾ፣ በራሱ ኢንዛይም ከውስጡ ይፈላል፤ 2 በመቶ ገደማ አልኮል ሲይዝ ይሰነጠቅና ቀሪውን እርሾ ይጨርሰዋል። የሙዙ ሽታ በዚህ መንገድ በተሠራ ወይን ላይ ጎላ ይላል። ኑቮ ደግሞ በተለቀመበት ዓመት፣ በኅዳር አካባቢ (በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ) ለገበያ መድረስ ስላለበት ከልጣጩ ጋር የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ታኒኑ (ከልጣጩ የሚወጣው፣ አፍ የሚያደርቀው ነገር) ያነሰው፣ ስስ የሆነብዎትም ለዚህ ነው።

ግን እባክዎ ጋሜን በኑቮ ብቻ አይመዝኑት! ቡርጎኝ የተባለው የፈረንሳይ ግዛት መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ዝርያው ከግዛቱ እንዲነቀል አዞ ነበር፤ ከቡርጎኝ በስተደቡብ ባለው የቦዦሌ ግራናይት መሬት ላይ ግን ድንቅ ወይን ይሰጣል። በሰሜን ቦዦሌ ክሩ የሚባሉ፣ በወይናቸው የላቁ 10 ቦታዎች አሉ። ጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ በጉልህ የሚጻፈው የቦታው ስም ስለሆነ «ቦዦሌ» የሚለውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፋቸዋል። ለስላሳና አበባ አበባ የሚሸት ከፈለጉ ፍለሪ ወይም ሺሩብል፣ ጠንከር ያለ ከፈለጉ ሞርጎን ወይም ሙላን አ ቫን ይያዙ። የኋለኞቹ ከጥሩ አምራች ከሆኑ 5 እስከ 10 ዓመት ይቆያሉ፤ ኑቮን ግን በወራት ውስጥ ይጨርሱት።

ቅዝቃዜው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኑቮ በ12 ዲግሪ፣ ክሩ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ያምርበታል። ከዚያ ከሞቀ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋና ጎምዛዛነቱ ይበረታል። በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የተረፈውን በቡሽ ዘግተው ፍሪጅ ያስገቡት፤ እስከ 3 ቀን ይጠጣል።