ወለጋ ናፈቀኝ ማለት ነውር ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ነው፣ ቤተሰቦቼ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የሄዱ ናቸው። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዘመዶቼ ካለቁ ወዲህ አዲስ አበባ ነኝ፣ ግን ደጃችን ላይ ቡና ስናሰጣ የሚሸተኝ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ሰው ደሞ "ያን አገር ነው የምትናፍቂው?" ይለኛል። አጠፋሁ?

መልስ፦ ኧረ እህቴ ምን አጠፋሽ! ያን ቅዳሜ ከ300 በላይ ሰላማዊ ሰው ነው ያለቀው፣ መንግስት ሸኔ ነው አለ ቡድኑ እኔ አይደለሁም አለ፣ ማንም ይሁን ማን የገደለው ሰው እንጂ ያደግሽበት ደጅ አይደለም። ከቶሌ የወጣ የምታውቂው ካለ ጥሪና ቡና አፍሉ፣ የሞቱትን በስም እየጠራችሁ አውሩ፣ አልቅሱም። ለጠየቀሽ ሁሉ ግን መመለስ የለብሽም (እኔ ብሆን ዝም ነው የምለው)።