መልስ፦ በሳይኮሎጂ ዲግሪ ወደ አንጎልና ማስታወስ ጥናት
እህቴ፣ «ደሴ ላይ በሳይኮሎጂ ተመርቄ ለማስተርስ የማስታወስ ጥናት ልግባ ወይስ ባዮሎጂ የግድ ነው?» ላልሽው፣ አብሽሪ፣ ይቻላል። እኔም የመጣሁት ከሳይኮሎጂ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሞሌይሰን ለሚጥል በሽታው አንጎሉን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። የሳይኮሎጂ ባለሙያዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል አደረጉት፤ እጁ በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፣ መለማመዱን ግን ፈጽሞ አያስታውስም! እኔን ወደዚህ የሳበኝ ይኸው ነው።

የነርቭ ሴል አሠራርን ከአሁኑ አንብቢ። ከሁሉ በላይ ግን ስታቲስቲክስ ላይ በርቺ፤ በማስታወስ ሙከራ ላይ አይጧ በውሃ ገንዳ ውስጥ እየዋኘች ከውሃው ሥር የተደበቀውን መቆሚያ በስንት ሰከንድ እንዳገኘች መመዝገብ ቀላል ነው፣ ቁጥሩን መተንተኑ ነው እኔን ያስለቀሰኝ። ፒያሳ ብቅ ካልሽ ደብተሬን አውስሻለሁ።