ቱቦላሬን፣ አይዝጌ ብረትንና አሉሚኒየምን በአንድ ባንድ ሶው ስለመቁረጥ

ጠያቂያችን፣ በቤትዎ ወርክሾፕ ሁሉንም ብረት በባንድ ሶው (እንደ ቀበቶ በሚዞር መጋዝ በሚቆርጥ ማሽን) ላይ በኢንች 14 ጥርስ ባለው መጋዝ እንደሚቆርጡና ጥርሱ ቶሎ እንደሚረግፍብዎት ገልጸው፣ ጥፋቱ የመጋዙ ይሁን የአቆራረጥዎ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጅማ ለቡና መፈልፈያ ማሽኖች መለዋወጫ ስለምሠራ ችግሩን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ግምት መጋዙ ጥፋት የለበትም።

በመቁረጥ ላይ ሳለ ቢያንስ ሦስት ጥርሶች ብረቱን መንካት አለባቸው። በእርስዎ መጋዝ ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ጎን በሁለት ጥርሶች መካከል ይገባና አንዱን ነቅሎ ይጥለዋል። ባለ 24 ጥርስ መጋዝ ሕጉን ሙሉ በሙሉ ባያሟላም፣ መጋዙን የተሸከመው የማሽኑ ክንድ የሚያሳርፈውን ጫና ከቀነሱለት ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሳል። አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት) ደግሞ እንደ ቤት ጣሪያ ማዕዘኑ ወደ ላይ ሆኖ በሞርሳ (በማሰሪያ መንጋጋ) ይታሰር።

ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ሦስት ቦታ የሚቀያየርባቸው ትንንሽ ማሽኖች የመጋዛቸው ፍጥነት በደቂቃ በግምት ከ25 እስከ 60 ሜትር ነው። ዝቅተኛው ለአይዝጌ ብረት፣ መካከለኛው ለተራ ብረት፣ ከፍተኛው ለአሉሚኒየምና ለናስ ይሆናል። ከሁሉም አስቸጋሪው አይዝጌ ብረት ነው፤ መጋዙ ሳይቆርጥ ላዩን ብቻ ከፈተገው የተፈተገው ገጽ ይጠጥርና ቀጥሎ የሚመጣውን ጥርስ ያዶለዱመዋል። ብዙ ሰው ብረቱ ሲከብደው ጫናውን ያላላል፤ የሚያስፈልገው ግን ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ጫናውን ሳያቋርጡ ማጽናትና የመቁረጫ ዘይት መጨመር ነው።

አሉሚኒየም በጥርሶቹ መካከል እየተጣበቀ ስለሚደፍናቸው መጋዙን በሻማ መቀባት ይረዳል፤ ወፍራም ከሆነ ከ6 እስከ 10 ጥርስ ያለው ይሻላል። ካስት አይረን ያለ ዘይት ይቆረጣል፤ ብናኙ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ጭቃ ይሆናልና። ባሊስትራና ኩሺኔታ (የመኪና ሞላና ቦይሊንግ) ግን ጠንካራ ብረት ስለሆኑ ለግራይንደር ይተዉ።

የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይመልከቱ፦ ተጠቅልሎ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ ዱቄት ከሆነ ጫናው አንሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ በዝቷል። አዲስ መጋዝ ሲገጥሙ የመጀመሪያዎቹን ቆረጣዎች በግማሽ ጫና ያድርጉ፤ አሮጌው በጀመረው ስንጥቅ ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስገቡት፤ ብረቱን ገልብጠው በሌላው ወገን ይጀምሩ።