«ክራክ የተደረገው እያለ ሊኑክስ ለምን?» ላለችኝ ተማሪና ለእኩዮቿ

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ በነፃ እያለልኝ ሊኑክስን ለምን እማራለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክራክ የተደረገ የሚባለው መቆለፊያው ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ ቅጂ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ነው። የማይረባ መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ምክንያቱም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ በ1999 ዓ.ም. እኔ ራሴ ለአንድ ወጣት ተናግሬው ነበር።

በዚያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት የግዢ ክፍሉ ኮምፒውተር በፍላሽ በመጣ ቫይረስ ተበክሎ ተገኘ። ማኅደሮቹ በሙሉ ተሰውረው በቦታቸው የማኅደር መልክ የለበሱ ፕሮግራሞች ተቀምጠዋል፤ አንዱን የነካ ሁሉ ቫይረሱን እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ረቡዕ መቅረብ ያለበት የጨረታ ግምገማ ሰነድ እዚያው ውስጥ ነበር። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ስለነበር ፎርማት ለማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጌ ለማጥፋት፣ ተዘጋጀሁ፤ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮም አጠገቤ ቆመው እጃቸውን ያፋትጉ ነበር።

ከአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ለልምምድ የተላከ፣ ጫማውን ሁልጊዜ ወልውሎ የሚመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበረን። «ጋሼ፣ ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ልሞክር?» አለና ከቦርሳው የካርቶን ልባስ ያላት ሲዲ አወጣ። ኡቡንቱ ነበረች። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ የሊኑክስ ስርጭት (ለመጫን ተሰናድቶ የሚሰጥ የሊኑክስ ዓይነት) በዚያን ዘመን ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር፤ ልጁም በዘመዱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስልኮ ነው ያገኛት። ኮምፒውተሩ በሃርድ ዲስኩ ላይ አንዳች ሳይጭን ከሲዲዋ ተነሣ። ማሽኑ 256 ሜጋባይት ሚሞሪ ብቻ ስለነበረው እየተንፏቀቀ ቢሆንም ዴስክቶፑ መጣ፤ ዊንዶውስ የሰወራቸው ማኅደሮችም አንድ ሳይጎድል ተደርድረው ታዩ። ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ በመሆኑ እዚህ ላይ የሚያደርገው አልነበረም። ልጁ ሰነዶቹን ወደ ንጹሕ ፍላሽ ገልብጦ ለወይዘሮዋ አስረከባቸው።

ከሰዓት በኋላ ለሥራ አስኪያጁ ሳሳውቅ «አተረፍኩት» አልኩ። «አተረፈው» አላልኩም።

ልጁ በዚህ አልተቀየመም። በሳምንቱ መጥቶ የመዝገብ ቤቱን ሦስት ኮምፒውተሮች ሊኑክስ እንድንጭንባቸው ሐሳብ አቀረበ። «ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ በነፃ እያለ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ብዬ በሠራተኞች ፊት ሳቅሁበት። ቀጥሎ የተሻለ የሚመስል ምክንያት አገኘሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤዎች የተጻፉት የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት፣ ከመግባቱ በፊት በተለመዱት፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ስለነበር፣ በሊኑክስ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆኑ ነበር። ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ ፎንቶቹን ራሳቸውን በሊኑክሱ ላይ አስገብቶ አንድ የድሮ ደብዳቤ ከነቁጥሩ ጥርት ብሎ ሲነበብ አሳየኝ፤ አዲስ ጽሑፍም በዩኒኮድ እየተየበ «ሰላም» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ሌላ ነገር ስላጣሁ «ነገ ችግር ቢመጣ ተጠያቂው ማን ነው?» አልኩት። ዝም አለ። በወሩ የልምምድ ጊዜው ሲያልቅ በግምገማ ቅጹ ላይ «ታዛዥና ሰዓት አክባሪ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ያን ዕለት የፈራሁት ሊኑክስን አልነበረም። ሠራተኛው ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራኝ ሰው፣ የሊኑክስ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ፊት ተቀምጬ ከአንድ ተለማማጅ ፊደል መቁጠሬ ነበር ያስፈራኝ። ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ የጽሕፈት መኪናቸውን ለኮምፒውተር መልቀቅ ያቃታቸው አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ «ጣቶቼ ይህን አያውቁትም» ሲሉኝ በልቤ ስቄባቸው ነበር።

ኋላ ላይ የያዝኩት ሥራ በሊኑክስ የሚሠሩ ሰርቨሮች ስለነበሩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የመመሪያ መጽሐፉን የሚከፍተው ትእዛዝ «ማን» ይባላል፤ ማንን ልጠይቅ እያልኩ ስጨነቅ መልሱ ራሱ ጥያቄው ሆኖ አገኘሁት። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. ሥራውን ይፋ ያደረገው በሄልሲንኪ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ሳለ እንደሆነ ሳነብ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከሥሩ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት፣ ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዝርዝር አምስት መቶዎቹ ፈጣን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነው።

ስለዚህ የ«በነፃ»ን ነገር ተዉት። ክራክ የተደረገውም በነፃ ነው፤ ግን ማን እንደከፈተውና ምን እንደጨመረበት አታውቁም፤ ሲበላሽ ደግሞ ከፎርማት በቀር የምትጠይቁት የለም። ሊኑክስ ሲበላሽ ምን እንደሆነ «ሎግ» በሚባለው መዝገቡ ጽፎ ይተውላችኋል፤ እኔ ሙያዬን በእውነት የተማርኩት ያንን መዝገብ ማንበብ ስጀምር ነው።

የዛሬ ወጣት ትዕግሥት የለውም እላለሁ። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ በ«ሱዱ» የሚጀምር ትእዛዝ ሳታነቡ ገልብጣችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ያ ቃል የማሽኑን ቁልፍ በሙሉ አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። ይሁንና ያን ልጅ ሳስበው በነበረው የኢንተርኔት ፍጥነት ያን ሁሉ የተማረው በምን ትዕግሥት እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያ ዘመን ወጣትም ትዕግሥት የለውም እል ነበርና ፍርዴን አትመኑት። ዊንዶውስንም አትናቁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ ለባለቤቴ ሱቅ ሒሳብ የምይዝበት ፒችትሪ ሌላ ቦታ አይሠራልኝም።

ጠያቂዬ ሆይ፣ ቅዳሜ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ። ፎቶዎችሽንና የትምህርት ሰነዶችሽን አስቀድመሽ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ። ፍላሹን አዘጋጅቼልሻለሁ፤ መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሹ አስነሥተን ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን እናያለን። ለመጫን ከወሰንሽ ደግሞ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለው ምርጫ ላይ ስትደርሺ እጅሽን አንሺና ጥሪኝ።