«ሣር ልታጠና ነው ባሕር ማዶ የምትሄደው?»

የጻፈልኝ ከደብረ ብርሃን ነው፤ 24 ዓመቱ ነው። በባዮሎጂ ተመርቆ ባንክ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ሆላንድ ውስጥ ወጪው የተሸፈነ የማስተርስ ዕድል አግኝቷል። የሚያጠናው በኒው ጊኒ ደሴት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚበቅል አንድ ሣር ነው፤ ዴሻምፕሲያ ክሎሲ ይባላል። ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይ መርምሮ መግለጫውን እንደ አዲስ ይጽፋል። አባቱ ይህን ሲሰሙ ያሉት ከላይ ያለውን ነው። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ የሚያስጨንቀው ግን «በአንድ ሣር እንጀራ ይበላል ወይ?» የሚለው ነው።

ወንድሜ፣ እኔ በሣር ዘጠኝ ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልህም።

እንደተመረቅኩ የገባሁት የዘር ጥራት ላቦራቶሪ ነበር። ነጭ ትሪ ላይ ስንዴ ታፈሳለህ፣ በሌንስ እያየህ ትለቅማለህ፤ እንክርዳዱን ወዲህ፣ ሲናሩን (የዱር አጃውን) ወዲያ። በመጀመሪያው ወር ሲናሩን አጃ ነው ብዬ መዘገብኩ። አለቃዬ አልተቆጡኝም። ሌንሱን መልሰው ሰጡኝና «ሥሩን እይ» አሉኝ። ሲናር ከግንዱ በራሱ ጊዜ ነው የሚረግፈው፤ ስለዚህ የፍሬው ሥር ላይ ክብ ጠባሳ ይቀራል፣ ዙሪያውንም ፀጉር አለው። አጃ ግን በውቂያ ተሰብሮ ስለሚለይ ያ ጠባሳ የለውም። ዘጠኝ ዓመት ደሞዝ ያስበላችኝ ያቺ ጠባሳ ናት።

አንተ የምትማረውም ይሄንኑ ነው። ቅጠሉ ግንዱን አቅፎ ቆይቶ በሚለቅበት ቦታ ላይ ሊጉል የምትባል ስስ ሽፋን አለች፤ ትለካታለህ። አበባዎቹ ስንት ስንት ሆነው እንደተቀመጡ፣ ጢማቸው ከጫፍ ይውጣ ከጀርባ ትመዘግባለህ። ሣሩን ክሎስ የሚባል ሰው በ1912 እና 1913 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተደረገ የእንግሊዞች ጉዞ ላይ ለቀመው፤ ሪድሊ የተባለ የዕፅዋት አጥኚ በ1916 ስም አወጣለት። ስሙ የተሰጠበትን ያንን የደረቀ ናሙና ሳያዩ ፍርድ የለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተለጠፈ አንድ ቅጠል ፊት ቁጭ ብለህ ትከራከራለህ።

ሣሩ ኒው ጊኒ ይቀራል፤ ዓይንህን ግን ይዘኸው ትመጣለህ። ጤፋችን ራሱ በ1775 መጀመሪያ ስም ሲወጣለት ፖዋ ከሚባሉት ሣሮች ጋር ነበር የተመደበው። አሁን የምንጠራበት ኤራግሮስቲስ ቴፍ የመጣው በ1918 ነው። ዘር የሚያረጋግጡ፣ ኳራንቲን የሚሠሩ፣ የግጦሽ መሬት የሚያጠኑ፣ አዲስ አበባ ያለውን የዘር ባንክ የመሰሉ ቦታዎች ሣርን ከሣር የሚለይ ሰው ይፈልጋሉ። እንዲያውም ለቡና የምንጎዘጉዛት ቄጤማ ሣር እንዳልሆነች ስንቱ ያውቃል? ግንዷን በጣትህ አንከባልላት፤ ሦስት ማዕዘን ናት።

ግን አንተንም ልንካህ። «አዲስ ዝርያ አግኝቼ ስሜ ይቀመጣል» ያልከውን እርሳው። በራስ ስም መሰየም በሙያው ነውር ነው። ደግሞ ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ «ሁለት ሣር ያልናቸው አንድ ናቸው» ብለህ ልትጨርስ ትችላለህ፤ እሱም ውጤት ነው። ፕሮፌሰር እሆናለሁ ብለህም አትሂድ፤ ወንበሩ ጥቂት ነው። እዚያ ሳለህ የዲኤንኤ ሥራና የዘር ልየታ ኮርስ ካለ ደርበህ ውሰድ። ሥራ የሚያስገኝልህ እሱ ነው።

አሁን ወደ አባትህ። አባትህ ስለ ሣር የጠየቁህ አይመስለኝም። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የእህትህን ሰርግና የቤቱን ጣሪያ ጠቅሰሃል። የሚቀርባቸው ደሞዝህ ነው፤ ይሄን ማለት ከብዷቸው ሣሩን ሰደቡት። መንዝ አጠገብ ያደገ ሰው ጓሳ ቤት እንደሚከድን፣ ገመድና ገሳ እንደሚሆን ያውቃል፤ ሣር ምን እንደሆነ እኔ አልነግራቸውም።

ስለዚህ ስለ ሣር አትከራከራቸው፤ ስለ ብሩ ተነጋገሩ። ስኮላርሺፕ ደሞዝ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ኪራይና ምግብ ነው። ሳትሳፈር ቁርጡን ንገራቸው፤ ወይ «ሁለት ዓመት ምንም አልልክም» በል፣ ወይ የምትችለውን መጠን ጥቀስ። «እንደደረስኩ አየዋለሁ» ካልክ ሌሊት ሬስቶራንት ዕቃ ስታጥብ ታድራለህ፣ ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ ትተኛለህ። እንዲህ ሆኖ ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ጓደኛ አለኝ፤ ቤተሰቡ አሁንም «ፈረንጅ አገር ሄዶ ባዶ እጁን መጣ» ነው የሚለው። ሰርጉ በአንተ ደሞዝ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ ሰርጉ ይነስ።

የቀሩትን በአጭሩ። ላቲን አለማወቅህ አያግድህም፤ ከ2012 ጀምሮ የአዲስ ዝርያ መግለጫ በእንግሊዝኛም ይጻፋል። የድሮዎቹን ለማንበብ ግን ትንሽ መልመድህ አይቀርም። «ኒው ጊኒን ሳላይ እንዴት?» ላልከው፣ የደሴቲቱ ምዕራብ እስከ 1962 በሆላንድ እጅ ስለነበር ብዙ ናሙና ላይደን በምትባለው የሆላንድ ከተማ ተቀምጧል። ባንኩን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቅ፤ እምቢ ቢሉህ የሚቀርብህ የለም። ስለ እጮኛህ እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቅ።

መልስህን ከመላክህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። ቅዳሜ ከከተማው ወጣ በልና አበባ የያዘ አንድ ሣር ከነሥሩ ንቀል። አነስተኛ ሌንስ ተዋስ። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥና ያየኸውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፍ፤ ሥሩን፣ አንጓውን፣ ሊጉሉን፣ አበባውን። ምሳ ቀርቦ ሁለቴ እስክትጠራ ድረስ ካልሰማህ፣ ለሆላንዱ ሰኞ ጻፍላቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላህ ስልኩ ጋ ከሄድክ፣ ሰኞ ባንክህ ግባ።